ክረምት ከርሞ ኮረኮንች ላይ

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ክረምቱን በጭቃው ምክንያት ብስክሌቴን ሰቅዬ ከረምኩ። ጓደኞቼ በጥቅምት በጠጠር መንገድ ሊወዳደሩ ነው። አቅሜ ሳይመለስ ብገባ ይጎዳኛል?

መልስ፦ ግባ ወንድሜ፣ ግን ለማሸነፍ ሳይሆን አቅምህን ለመመለስ። ኮረኮንች እግር አያሳርፍም፤ መርገጥ ባቆምክ ቁጥር ጠጠሩ ፍጥነትህን ይበላዋል፣ ወገብህና ክንድህም አብረው ይሠራሉ፣ ለወቅቱ መጀመሪያ የምወደውም ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ማውራት በምትችልበት ፍጥነት ሂድ። ፈጣኖቹ ጥለውህ ይሂዱ። የጎማህን ንፋስ ትንሽ ቀንስ፤ መሬት ይይዝልሃል፣ እጅህም አይደነዝዝም። በሶ በጥብጠህ ያዝ፣ ሳይርብህም ጠጣ። በማግስቱ እረፍ። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚያስወጣውን ዳገት ግን አሁን እንዳትሞክረው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ለታኅሣሥ አቆየው።