ዜሮ ማርሽ ላይ እየተጎተተ ካምቢዮው ለምን ይቃጠላል?

ከሞተርሆም (መኖሪያ ቤት ሆኖ ከተሠራ ትልቅ መኪና) ኋላ ታስሮ፣ አራቱም ጎማው መሬት ላይ ሆኖ ስለሚጎተት መኪና ከአንባቢያን ከደረሱን ጥያቄዎች የካምቢዮ ነገር የሚነሳባቸውን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የፊት ጎማ የሚነዳውን አውቶማቲክ መኪናችንን ከሞተርሆማችን ኋላ አስረን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ጎተትነው። ማርሹ ኤን (ዜሮ ማርሽ) ላይ ነበር፤ የእጅ ፍሬኑም ተለቋል፤ ፍጥነታችን ከ90 አላለፈም። ከደረስን በኋላ ግን ዲ ውስጥ ስናስገባው ቆይቶ ነው የሚይዘው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀይር ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም። ዘይቱን አይተናል፣ ልኩ ላይ ነው። ኤን ማለት ካምቢዮው ከጎማው ተለየ ማለት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ኤን የሚለየው ሞተሩን ነው፤ ጎማው ከካምቢዮው ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። መኪናው ሲጎተት ጎማው አክሰሉን፣ አክሰሉ ዲፈረንሻሉን፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ የካምቢዮውን የውጪ ሻፍት፣ ማለትም ኃይል ወደ ጎማ የሚወጣበትን ዘንግ ያዞራል። በሻፍቱ ዙሪያ የተደረደሩት ፕላኔታሪ ማርሾችም አብረው ይዞራሉ፤ በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሰዓታት።

እንግዲህ ለእነዚህ ማርሾች ዘይት የሚያደርስላቸው ማነው? አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን ከታች ስቦ በግፊት የሚያሠራጭ ፓምፕ አለ። ፓምፑን የሚያዞረው የቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) አንገት ነው፤ ኮንቨርተሩን የሚያዞረው ደግሞ ሞተሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲጎተት ፓምፑም ቆሟል። ዘይቱ ልኩ ላይ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ታች ተኝቷል፣ የሚያነሳው የለም።

የፕላኔታሪ ማርሾቹ ፒኖችና መርፌ መሳይ ኩሽኔታዎቻቸው ዘይት የሚያገኙት በሻፍቱ ውስጥ በተበሱ ቀጫጭን ቀዳዳዎች በኩል ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ከበፊቱ የቀረው ዘይት ይደግፋቸዋል፤ ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ምንም ምልክት ሳያሳዩ የሚያልፉት። ያ ዘይት ሲሟጠጥ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ይግላል። የፍሪሲዮን ሸራዎቹም አይተርፉም። ተለቀዋል በሚባሉበት ጊዜ እንኳ ሸራውና የብረት ሳህኑ የተራራቁት ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ክፍተት ነው፤ ያለ ዘይት ሲተሻሹ ሸራው ይጠቁራል፣ ፊቱ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቢጫኑትም ይንሸራተታል። ሞተሩ እንደገና ሲነሳ ደግሞ ፓምፑ የተላጠውን ዱቄት ስቦ ዘይቱን በየመስመሩ ወደሚመራው ቫልቭ ቦዲ ይልከዋል፤ ቫልቮቹ ይጣበቃሉ። የእናንተ መኪና ቆይቶ መያዙም ሲቀይር መንሸራተቱም የዚህ ውጤት ይመስለናል።

አሁን መኪናውን አትንዱት። ጥቂት የዘይት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉና እዩት። ጥርት ያለ ቀይ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው ሸራው ተነክቷል። ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ከመሰለ ግን ጉዳዩ ከመጎተት ጋር አይገናኝም፤ ውሃ ገብቶበታል።

ቀጥሎ የካምቢዮው የታችኛው የዘይት መያዣ ይፈታ። ውስጡ ማግኔት አለ፤ ፍርዱን የሚሰጠው እሱ ነው። ማግኔቱ ላይ እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ዱቄት ቢገኝ የተለመደ ነው፣ ማንኛውም የሠራ ካምቢዮ ያወጣዋል። በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር የብረት ስንጥር ካለ ኩሽኔታ ወይም ማርሽ ተበልቷል። ነሐስ የሚመስል ብልጭልጭታ ማግኔት አይስበውም፤ ስለዚህ የመያዣውን ወለል በባትሪ መብራት እዩት፤ እሱ ሻፍቶቹን ከሚደግፉት ቀለበቶች (ቡሽንጎች) የመጣ ነው። ጥቁር ቅርፊት ደግሞ የሸራ ነው።

ዱቄት ብቻ ከተገኘ ዘይቱንና ፊልትሮውን በመቀየር መሞከር ይቻላል። ከመያዣው ብቻ ሲፈስ ብዙው ዘይት ኮንቨርተሩና ማቀዝቀዣው ውስጥ እንደሚቀር አትርሱ፤ ስለዚህ ጥቂት ነድቶ ማፍሰሱን ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። የሚሞላው ዘይት የግድ የመኪናው መመሪያ የጠራው ዓይነት ይሁን። ስንጥር ወይም ነሐስ ከታየ ግን ዘይት መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ካምቢዮው ወርዶ መከፈት አለበት። ሲከፈትም ኮንቨርተሩና የዘይት ማቀዝቀዣው አብረው ይታጠቡ ወይም ይቀየሩ። ማቀዝቀዣው ውስጥ የተደበቀ የብረት ብናኝ አዲስ የተሠራውን ካምቢዮ መልሶ ይገድለዋል፤ ብዙ ጥገና የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። አንዳንድ መመሪያዎች «አውቶማቲክ መኪና እስከ 50 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት መጎተት ይችላል» ይላሉ። ይህ የተበላሸ መኪና ጋራዥ ለማድረስ የተሰጠ የችግር ጊዜ ፈቃድ ነው። ለጉዞ የሚፈቀደው መጎተት በመመሪያው ውስጥ ብቻውን፣ በራሱ ርዕስ ይጻፋል። ያ ርዕስ ከሌለ ፈቃድ የለም።

ጥያቄ፦ ማንዋል ካምቢዮ ፓምፕ ስለሌለው ያለ ስጋት መጎተት ይቻላል ሲሉ እሰማለሁ። ለበለጠ ጥንቃቄ ፍሪሲዮኑን ረግጬ በእንጨት ባስደግፈውስ?

መልስ፦ የመጀመሪያው በከፊል እውነት ነው። ሁለተኛውን በፍጹም አያድርጉት።

ማንዋል ካምቢዮ ዘይት የሚያገኘው ማርሾቹ ዘይት ውስጥ ተነክረው ሲዞሩ በሚረጩት ነው። የፊት ጎማ በሚነዳቸው መኪኖች ትልቁ የዲፈረንሻል ማርሽ ታች ዘይት ውስጥ ስላለ፣ ጎማው እስከዞረ ድረስ መርጨቱን አያቆምም። ስለዚህ ብዙዎቹ በዜሮ ማርሽ ይጎተታሉ። የኋላ ጎማ በሚነዳቸው ግን ዘይቱን የሚረጨው የታችኛው ሻፍት የሚዞረው ከሞተር በኩል ነው። በዜሮ ማርሽ ሲጎተት እሱ ይቆማል፤ የላይኛው የውጪ ሻፍት ብቻውን ይዞራል፣ ኩሽኔታዎቹም ይደርቃሉ። «ማንዋል ነው» ብሎ መደምደም የማይበቃው ለዚህ ነው።

ፍሪሲዮኑን ስለ ማስደገፍ፦ ማርሹ አንደኛ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ተረግጦ መኪናው በ90 ቢጎተት፣ ጎማው የፍሪሲዮኑን ዲስክ በደቂቃ ከ11,000 ዙር በላይ ያሽከረክረዋል። ሞተሩ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ6,500 አያልፍም። ዲስኩ ሊበታተንና የካምቢዮውን ቤት ሊሰብር ይችላል። እንጨቱ ከወለቀ ደግሞ ያ ሁሉ ዙር ሞተሩ ላይ ያርፋል።

ጥያቄ፦ መኪናችን ፎር ባይ ፎር ነው፤ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክሰል የሚያከፋፍለው ትራንስፈር ኬዝ የራሱ ኤን አለው። ቅደም ተከተሉን ብትነግሩን።

መልስ፦ ለመጎተት ከሁሉ የሚመቸው የእናንተ ዓይነት ነው። ትራንስፈር ኬዙ ኤን ላይ ሲሆን የፊቱም የኋላውም አክሰል ከካምቢዮው ይለያል፤ ካምቢዮው ጨርሶ አይዞርም። የራሱ ኤን የሌለው ፎር ባይ ፎር ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ሁለቱ መምታታት የለባቸውም።

መጀመሪያ ሜዳ ቦታ ላይ የእጅ ፍሬኑን ይዛችሁ መኪናውን ከሞተርሆሙ ጋር እሰሩ። ማሰር የሚቀድመው ያለምክንያት አይደለም፦ ትራንስፈር ኬዙ ኤን ከገባ በኋላ ፒ መኪናውን አይዝም፤ ተዳፋት ካለ ይንሸራተታል። ከታሰረ በኋላ ሞተሩን አስነስታችሁ፣ እግር ፍሬን ላይ ሆኖ፣ ካምቢዮውን ኤን፣ ከዚያ ትራንስፈር ኬዙን ኤን አድርጉ። በሚጫን ቁልፍ የሚሠራ ከሆነ የዳሽቦርዱ መብራት መብረቅረቁን ትቶ እስኪረጋ ጠብቁ።

ማረጋገጫው ይህ ነው፦ የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ ካምቢዮውን አር ውስጥ አስገቡና እግራችሁን ከፍሬኑ ቀስ ብላችሁ አንሡ፣ 5 ሰከንድ ቆዩ። ዲ ላይም እንዲሁ። መኪናው ጥቂት እንኳ ከተነቃነቀ ትራንስፈር ኬዙ በትክክል አልገባም፤ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ካልተነቃነቀ ሞተሩን አጥፉ፤ ከዚያ ካምቢዮውን መመሪያው ወዳዘዘው ቦታ መልሱ። ብዙ አውቶማቲኮች ፒ፣ ብዙ ማንዋሎች ደግሞ ማርሽ ውስጥ ይቆማሉ። ሲፈታ ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ሳይያዝ ምንም ነገር አትፍቱ።

ይህን ማረጋገጫ ዘሎ የሄደ ሰው ሊደርስበት የሚችለውን አስቡ። ትራንስፈር ኬዙ ኤን ሳይሆን ዝቅተኛው ማርሽ ላይ ቢቀር፣ ማንዋሉም አንደኛ ላይ ቢሆን፣ በ90 ፍጥነት ጎማው ሞተሩን በደቂቃ ከ25,000 ዙር በላይ እንዲዞር ያስገድደዋል። ሞተሩ እዚያ ሳይደርስ ገና ይሰባበራል።

ጥያቄ፦ በየሁለት ሰዓቱ ቆመን ሞተሩን ብናስነሳው ካምቢዮው አይረጥብም? ወይም እንደተነሳ ብንጎትተውስ?

መልስ፦ መመሪያው ያዘዘ ከሆነ አዎን። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2014 የተሠሩት ሆንዳ ሲአር-ቪዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው፦ ሞተሩ ይነሳል፣ ዲ ላይ 5 ሰከንድ ይቆያል፣ ወደ ኤን ይመለሳል፣ ሞተሩ 3 ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል። ጉዞው ከ8 ሰዓት ካለፈ ይደገማል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር አካባቢ አይበልጥም። ያ ካምቢዮ በውስጡ አሠራር ይህን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ያው መኪና ሲቪቲ ካምቢዮ (የማርሽ ደረጃ የሌለው ዓይነት) ተገጠመለት፤ ከዚያ ወዲህ በአራቱም ጎማ መጎተት ቀረ። ስሙ አንድ፣ መልኩም ተቀራራቢ ሆኖ መልሱ ግን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ የሚታየው የሞዴሉ ስም ብቻ ሳይሆን የተሠራበት ዓመትና የካምቢዮው ዓይነት ነው።

መመሪያው ያላዘዘውን መኪና ግን ቆሞ ማስነሳት አያድነውም፤ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ተንጠፍጥፎ ይወርዳል። ሞተሩ እየሠራ መጎተትንም አንመክርም። የሙቀቱን መለኪያና የዘይቱን መብራት የሚያይ ሰው የለም፤ የሞተር ችግር ቢመጣ የምታውቁት ጭስ ሲወጣ ነው።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ባትሪው አለቀና የፊት ጎማዎቹ ተቆልፈው እየተጎተቱ አገኘናቸው። ማርሹ በሚጫን ቁልፍ የሚቀየር ነው።

መልስ፦ በኤሌክትሪክ የሚቀየር ማርሽ ብዙ ጊዜ የማስነሻው ቁልፍ ሲዘጋ ወይም ኮምፒውተሩ ችግር ሲያይ ራሱን ወደ ፒ ይመልሳል። ኤን ላይ የሚያቆየው ሁኔታ በመመሪያው ካልተጻፈ ይህ መኪና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከተጻፈ ደግሞ ባትሪውን ጠብቁት፦ መሪው እንዳይቆለፍ የማስነሻው ቁልፍ ክፍት ስለሚሆን ኤሌክትሪኩ ቀኑን ሙሉ ይፈስሳል። የሚነቀሉት ፊውዞች መመሪያው ላይ በቁጥር ተጠቅሰዋል፤ ከሞተርሆሙ ባትሪ የሚመጣ የመሙያ ሽቦ በራሱ ፊውዝ ማስዘርጋትም የተሻለ ነው። ያሁኑ መኪናችሁ ጎማዎቹ ጠፍጣፋ ቦታ ካወጡ አይጠገኑም፣ ይቀየሩ። የፒ መቆለፊያው ጥርስም ይታይ።

ጥያቄ፦ መኪናችን እንዲህ መጎተት አይፈቀድለትም። መሸጥ አለብን?

መልስ፦ የግድ አይደለም። የፊት ጎማ የሚነዳው ከሆነ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ብቻ የሚሸከም ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ይበቃል፤ የኋላዎቹ ነፃ ናቸው። ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ ለሚነዳ መኪና ግን ይህ አይሆንም። ሁለቱ ቆመው ሁለቱ ሲዞሩ መሐል ያለው ማያያዣ ይቃጠላል። ለእሱ መኪናውን ሙሉ በሙሉ የሚሸከም ጠፍጣፋ ተጎታች ነው መፍትሔው፤ ክብደቱ ሲደመር ሞተርሆሙ ከሚችለው እንዳያልፍ ግን አስሉ።

የኋላ ጎማ የሚነዳው ከሆነ ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ መፍታት ይቻላል። ከመፍታታችሁ በፊት ዘንጉንና ፍላንጁን በቀለም ምልክት አድርጉባቸው፤ በሌላ አቅጣጫ ከተገጠመ ይንቀጠቀጣል። ዘንጉ ካምቢዮው ውስጥ ተሰክቶ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ሲወጣ ዘይት ይፈስሳል፤ ቀዳዳው በልኩ በተሠራ ክዳን ይደፈን።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተጨማሪ የዘይት ፓምፕም ይገጠማል። የሚታመነው ግን የግፊት መቆጣጠሪያ ኖሮት፣ ማስጠንቀቂያው ሞተርሆሙ ውስጥ ሹፌሩ ፊት ሲበራ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያው ከበራ ቀጣዩን ማደያ አትጠብቁ፤ እዚያው ጠርዝ ይዛችሁ ቁሙ፣ የፓምፑን ፊውዝና ሽቦ እዩ፣ ካልሠራ መኪናውን ፈትታችሁ በራሱ ሞተር ንዱት።