መልስ፦ የአንታርክቲካው ቪንሰን ተራራ የተሰየመው በማን ስም ነው?

ቪንሰን የተባለው ሰው ተራራ የሚወጣ አልነበረም። አንተ ለጥያቄና መልስ ውድድሩ «መጀመሪያ የወጣው ሰው ስም ነው ወይ?» ብለህ የጠየቅከው የአንታርክቲካ ረጅሙ ተራራ የተሰየመው በፖለቲከኛ ስም ነው። ካርል ቪንሰን ይባላል። ከ1914 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮንግረስ የጆርጂያ ተወካይ ነበር፤ ስሙ የተሰጠውም ኮንግረሱ የአንታርክቲካን አሰሳ እንዲደግፍ አጥብቆ ስለሠራ ነው።

ተራራው ራሱ እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ አይታወቅም ነበር። ያዩት የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ናቸው። መጀመሪያ የወጡት ደግሞ በታኅሣሥ 1966 እ.ኤ.አ. በኒኮላስ ክሊንች የተመራ የአሜሪካ ቡድን ነው፣ ስለዚህ ስሙ ተራራውን ከወጡት ሰዎች ይቀድማል ማለት ነው። ዛሬም የሚሄድበት ሰው ከቺሊ ይበርና ዩኒየን በሚባለው የበረዶ ግግር ላይ ያርፋል። እዚያ ነፋሱ በረዶውን ጠርጎ ጠርጎ ሰማያዊና ድንጋይ የመሰለ አድርጎታል፤ ትልቅ አውሮፕላን በጎማው ያርፍበታል! እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳዘጋጅ ሁሌ ጭቅጭቅ የሚነሳው በከፍታው ነው። የድሮ አትላሶች 5140 ሜትር ይላሉ፣ በኋላ በጂፒኤስ ሲለካ ግን 4892 ሜትር ሆነ። ወረቀቱ ላይ 4892 ብለህ ጻፍ፤ ተማሪ አሮጌ መጽሐፍ ይዞ ከመጣም ቁጥሩ ለምን እንደተለወጠ አስረዳው እንጂ ዝም ብለህ ስህተት አትበለው።