በሳንባ ልየታ ሲቲ ስካን የጨረር መጠን በሰውነት ስፋት እንዴት ይገመታል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ ለብዙ ዓመታት ሲያጨሱ ቆይተው ከ6 ዓመት በፊት አቁመዋል። እዚህ አሜሪካ የሳንባ ልየታ ሲቲ ስካን (ምልክት ሳይታይ የሳንባ ካንሰርን ቀድሞ ለማግኘት የሚደረግ ምርመራ) ተነሥተው ወረቀቱ ላይ «2.0 ሚሊግሬይ» የሚል አየሁ። የተቀበሉት ጨረር ይህን ያህል ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ብዙ ሰው በዚህ ስለሚሳሳት ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ሚሊግሬይ አንድ አካል የሚይዘው የጨረር መጠን መለኪያ ነው። ይህ ሲቲዲአይ የሚባለው ቁጥር፣ መሣሪያው በዚያ ቅንብር ሲሠራ 32 ሳንቲሜትር ዲያሜትር ባለው የአክሪሊክ ፕላስቲክ ሲሊንደር ላይ የሚያሳርፈውን የጨረር መጠን ይገልጻል። ቅንብሩ እስካልተለወጠ ድረስ የሚነሣው ሰው ቀጭንም ይሁን ወፍራም ቁጥሩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሰውነት ስፋት በስሌቱ ውስጥ እንዴት ይገባል?

መልስ፦ የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሪፖርት 204 የማባዣ ሰንጠረዥ አቅርቧል። ከደረት እስከ ጀርባ ያለው ውፍረትና ከጎን እስከ ጎን ያለው ስፋት ይባዛሉ፤ የብዜቱ ዳግም ዘር የአካሉ ዲያሜትር ሆኖ ይወሰዳል። ውፍረቱ 20፣ ስፋቱ 31 ሳንቲሜትር ለሆነ ቀጭን ሰው ዲያሜትሩ 25 ገደማ፣ ማባዣውም 1.48 ስለሚሆን 2.0 የተባለው ወደ 3.0 ሚሊግሬይ ከፍ ይላል። ዲያሜትሩ 40 ለሆነ ሰው ግን ማባዣው 0.85 ነውና ያው ቁጥር ወደ 1.7 ዝቅ ይላል። ምክንያቱም በወፍራም አካል ውስጥ የውጪው ሥጋና ስብ ጨረሩን አስቀድሞ ስለሚይዘው ወደ መሐል የሚደርሰው ጥቂት ሲሆን፣ በቀጭን አካል ግን ጨረሩ እምብዛም ሳይዳከም ውስጡን ያዳርሳል።

በደረት ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ እኔ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይገባዋል የምለውም ይህንኑ ነው። ሳንባ በአየር የተሞላ ስለሆነ፣ በሜትር የተለካው ስፋት አካሉ ጨረርን የሚያስቀርበትን አቅም አጋኖ ያሳያል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሪፖርት 220 ያንኑ ያህል ጨረር የሚያስቀር የውሃ ሲሊንደር ዲያሜትር ከምስሉ ተሰልቶ እንዲወሰድ ያሳስባል። በሜትር ሲለካ 30 ሳንቲሜትር የሆነው ደረት በውሃ ስሌት 26 ቢሆን፣ ማባዣው ከ1.23 ወደ 1.43 ያድጋል፤ በሜትር ብቻ የተመካ ሰው የታካሚውን መጠን አሳንሶ ይገምታል ማለት ነው። ይህም ሆኖ ውጤቱ እስከ 20 በመቶ ሊዛነፍ የሚችል ግምት ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ወፍራም ናቸው። መሣሪያው ጨረር ይጨምርባቸዋል?

መልስ፦ አዎን፤ አለዚያ ምስሉ ይደበዝዝና ትንንሽ ዕጢዎች ሳይታዩ ያልፋሉ። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2015 ለዚህ ምርመራ ሽፋን ሲፈቅድ፣ ቁመቱ 170 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ 70 ኪሎ ገደማ ለሆነ ሰው ሲቲዲአይ ከ3.0 ሚሊግሬይ እንዳይበልጥ፣ ለትንሽ አካል እንዲቀነስ፣ ለትልቅ አካል እንዲጨመር ደንግጎ ነበር። ስለዚህ በእናትዎ ወረቀት ላይ 4.0 ቢያዩ አይደንግጡ፤ ዲያሜትራቸው 40 ከሆነ ግምቱ 3.4 ነው፤ ከላይ ከጠቀስኩት ቀጭን ሰው 3.0 ብዙም አይርቅም።

ጥያቄ፦ በሰውነት ስፋት የተስተካከለውን ቁጥር በስካኑ ርዝመትና በተለመደው የደረት ማባዣ 0.014 አባዝቼ ወደ ሚሊሲቨርት (ጨረሩ በመላ ሰውነት ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ወደሚገምተው መለኪያ) መለወጥ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ያ ማባዣ የተዘጋጀው ላልተስተካከለው ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ በየዓመቱ ቢነሡ ጨረሩ አይጎዳቸውም?

መልስ፦ በአሜሪካ 53,454 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት፣ በዝቅተኛ ጨረር የሚደረገው ሲቲ ከደረት ራጅ ጋር ሲነጻጸር በሳንባ ካንሰር የሚሞቱትን በ20 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በጥናቱ የአንዱ ስካን መጠን በአማካይ 1.5 ሚሊሲቨርት ገደማ ነበር፤ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት የሚቀበለው በዓለም አማካይ 2.4 ነው። አባትዎ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ባለው ውስጥ ነው፤ ማጨስ ካቆሙም 15 ዓመት አልሞላቸውም። በቀን አንድ ፓኮ ለ20 ዓመት ወይም የዚያን ያህል አጭሰው ከሆነ፣ ምርመራው ከሚመከርላቸው ሰዎች መካከል ናቸውና በጨረር ፍርሃት እንዳይቀሩ እለምንዎታለሁ።