መልስ፦ ሬዚደንሲ ገብቶ ያለቀ ሥራ ይዞ መውጣት ግድ ነው?

«ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ አንድ ወር ሬዚደንሲ (ሰዓሊ ከቤቱ ርቆ ለተወሰነ ጊዜ ተቀምጦ የሚሠራበት ቆይታ) ልገባ ነው፤ ያለቀ ሥራ ባላወጣስ?» ላልሽው ነው።

አይዞሽ እህቴ። ከአዘጋጆቹ ጋር ካልተዋዋልሽ በቀር ግድ አይደለም። ሬዚደንሲ በዋናነት ጊዜና ቦታ ነው የሚሰጥሽ።

እኔ ሰበታ አካባቢ የቆየሁ ጊዜ የመጀመሪያውን ሳምንት ብሩሽ አልነካሁም። ጎረቤት ቤት ሲመረግ እያየሁ ዋልኩ። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ይረግጡታል፣ ውሃ እየጨመሩ እስኪብላላ ለቀናት ይተዉታል። ሲደርቅ ጭዱ በግድግዳው ላይ እንደ ወርቅ ክር ይታያል። እሱን ካየሁ በኋላ ሸራዬን እንደ ድሮው ማለስለስ አስጠላኝ። ቀለሜን በአሸዋ ማወፈር የጀመርኩት ያኔ ነው።

ከመግባትሽ በፊት መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ሄደሽ እዪው። ሰዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የመሠረቱት፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው፤ ተጠግተሽ የእጁን ሥራ እዪ። ኤልያስ ከመርካቶ የሚያገኘውን አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጎንጉኖ እንጨት ላይ በምስማር እየመታ ነው ግዙፍ ሥራዎቹን የሚሠራው። እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ወር አያልቅም!

አዘጋጆቹን የቁሳቁስ ወጪ ማን እንደሚችል አሁኑኑ ጠይቂ። ቀለምና ሸራ ከከተማ ይዘሽ ውጪ፣ እዚያ አታገኚም። መብራት ስለሚጠፋ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ምረጪ።