«መጀመሪያ ዩቲዩብ ላይ እንልቀቀው ወይስ ፌስቲቫል እንላከው?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ፊልም ፌስቲቫል ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል። የሰው ፊልም ስቆርጥና ስቀጥል ዓመታት ያሳለፍኩ ኤዲተር ስለሆንኩ ጉዳዩ ቅርቤ ነው። አራቱን መርጬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። አምስት ጓደኛሞች ሆነን የ22 ደቂቃ አጭር ፊልም ሠርተናል። ካሜራውን ተከራይተን፣ መብራቱን ሠርግ ከሚቀርጽ ወንድማችን ተውሰን፣ በስንት መከራ ጨረስነው። ኢንዲፔንደንት ፊልም የሚባለው ይሄ መሰለኝ። አሁን ግን ልንጣላ ነው። እነሱ «መጀመሪያ ዩቲዩብ ላይ እንልቀቀው፣ ሰው ይየው፣ ከዚያ ፌስቲቫል እንልካለን» ይላሉ። እኔን ግን ልቤ እሺ አላለኝም። ማን ነው ልክ? ደግሞስ ከፈረንሳዩ ካንና ከአሜሪካው ሰንዳንስ ሌላ የት ይላካል?

መልስ፦ ልክ አንተ ነህ ወንድሜ። እባካችሁ አትልቀቁት፣ ቢያንስ ለአሁኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አገር ፊልም «ተመረቀ» እንላለን አይደል? ብዙ ፌስቲቫሎች የሚፈልጉት ያንን ምርቃት ነው። ፊልሙ በዓለም፣ ወይም በአህጉሩ፣ ወይም በአገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እነሱ ጋ እንዲታይ ይፈልጋሉ። ምርቃት ደግሞ አንዴ ነው። ዩቲዩብ ላይ ከወጣ 300 ሰው ቢያየውም 3 ሚሊዮን ሰው ቢያየውም ተመርቋል፤ ነገ ብታወርዱትም ያው ነው። የካን የአጭር ፊልም ውድድር ለምሳሌ ኢንተርኔት ላይ የታየ ፊልም አይቀበልም። ሰንዳንስ ግን አጭር ፊልም ላይ እንዲህ ያለ ገደብ አያደርግም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ደንብ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። አንዱ አንብቦ ለሌሎቹ ይንገር አትበሉ፣ አምስታችሁም አንብቡት፤ ጓደኛሞች ሲጣሉ ያየሁት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ርዝመትም አለ። ካን የሚቀበለው አጭር ፊልም መጨረሻ ላይ ከሚወርደው የስም ዝርዝር ጋር ተደምሮ ከ15 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። የእናንተ 22 ስለሆነ ካንን እርሱት። ለካን ብላችሁ 7 ደቂቃ እንዳትቆርጡ፣ አደራ። ታሪኩ 22 ደቂቃ ከፈለገ 22 ነው። የበርሊን ፌስቲቫል አጭር ፊልም እስከ 30 ደቂቃ ይቀበላል፣ ሰንዳንስ ደግሞ ከ50 ደቂቃ በታች የሆነውን ሁሉ።

ስለ ሰንዳንስ ግን አንድ ቁጥር ልንገርህ። በፈረንጆቹ 2024 ለሰንዳንስ የተላከው አጭር ፊልም 12,098 ነበር። የተመረጠው 53። ከ228 አንድ ማለት ነው። ይህን የምልህ ተስፋ እንድትቆርጥ አይደለም፣ ሂሳቡን አውቀህ እንድትልክ ነው። «ሰንዳንስ መልስ እስኪሰጠን» ብላችሁ ፊልሙን ሃርድ ዲስክ ውስጥ አስቀምጣችሁ አንድ ዓመት እንዳትጠብቁ። ብዙ ልጆች እንደዚያ ሲያደርጉ አይቻለሁ። መልሱ «አልተመረጠም» ሆኖ ሲመጣ ሁሉም ተበታትኗል፣ አንዱ ሥራ ይዟል፣ አንዱ ተሰድዷል፣ ፊልሙን የሚከታተል ሰው የለም።

ሌላ የት ይላካል? ለአጭር ፊልም ብቻ ተብሎ የተቋቋመ ትልቅ ፌስቲቫል ፈረንሳይ ውስጥ ክሌርሞን ፌራን የምትባል ከተማ ላይ በየዓመቱ ይካሄዳል። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ፌስፓኮ አለ። ከ1969 ጀምሮ ቡርኪና ፋሶ ዋጋዱጉ ላይ አለ፤ አሁን በየሁለት ዓመቱ ነው የሚካሄደው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት ካገኘ በኋላ በ2009 የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት፣ የየነንጋን የወርቅ ፈረስ፣ ወስዷል። እኔ ብሆን ፌስፓኮን ከዝርዝሬ አናት ላይ ነበር የማስቀምጠው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው የእናንተን ጎዳና፣ የእናንተን እናት፣ የእናንተን የመብራት መጥፋት ሳይነገረው ያውቀዋል።

ገንዘቡ ላይ እንምጣ። ብዙው ማመልከቻ ፊልምፍሪዌይ በሚባለው ድረ ገጽ በኩል ነው የሚሄደው፣ ክፍያውም በዶላር ነው። አሥር ቦታ ከላካችሁ ብሩ ቀልድ አይደለም። ግን ለአዘጋጆቹ ኢሜይል ጽፎ ክፍያው እንዲቀርላችሁ መጠየቅ ይቻላል፣ ነውርም አይደለም። አጭር አድርጋችሁ ጻፉ፦ ከየት እንደሆናችሁ፣ ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ እንደሌላችሁ። ሁሉም እሺ አይልም፣ የሚሉ ግን አሉ።

ከሌባም ተጠንቀቁ። እኔ ራሴ አንዴ ተበልቻለሁ። አንድ ጓደኛዬ የሠራውንና እኔ የቆረጥኩትን ፊልም፣ ስሙን እዚህ ለማልጽፈው ፌስቲቫል ላክን፣ 35 ዶላር ከፈልን። በሁለት ሳምንት «አሸንፋችኋል» የሚል ኢሜይል መጣ፤ ፖስተር ላይ የሚለጠፈው የቅጠል አክሊልም አብሮ ተልኳል። ጓደኛዬ እናቱ ጋ ደውሎ ነገራት። እኔ «ፊልሙ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው አዳራሽ ነው የሚታየው?» ብዬ ጻፍኩ። አዳራሽ የሚባል ነገር የለም። ዋንጫው በፖስታ እንዲላክልን ከፈለግን ግን ሌላ 120 ዶላር እንድንከፍል ጠየቁን። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ባለፈው ዓመት የት አዳራሽ እንዳሳዩ፣ ማን እንደመጣ፣ ፕሮግራሙ በቀንና በሰዓት ወጥቶ እንደነበር ፈልጉ። በየወሩ የሚሸልም፣ ሰማንያና መቶ ዓይነት ሽልማት ያለው ከሆነ፣ በቃ ተዉት።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተውህ። ሰብታይትል ላይ አትሰስቱ። የመጨረሻ ቀን ሌሊት ላይ እንቅልፍ እያዳፋው የተረጎመው ልጅ የስድስት ወር ሥራችሁን ሊገድለው ይችላል። አንድ ፊልም ስቆርጥ እንዲህ ያለ ቦታ ነበር፦ እናት ልጇን በር ላይ ትሸኛለች፣ ሻንጣውን ያነሳል፣ «አይዞህ» ትለዋለች፣ ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ትወስዳለች። ትርጉሙ «ዶንት ዎሪ» ይላል። እሷ እኮ አትጨነቅ እያለችው አይደለም! አለሁልህ፣ በርታ፣ እኔንም አትርሳኝ፣ ሁሉንም ነው እያለችው ያለችው። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅንበት። በመጨረሻ እዚያ ቦታ ላይ ጽሑፉን ጨርሶ አወጣነው፣ ድምፅዋና ነጠላዋ ብቻ ቀረ። ፊልሙ ሲታይ ኋላ ቆሜ ነበር። ከመቶ ሰው ምናልባት አራቱ አማርኛ ያውቁ ይሆናል፣ ግን እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ አለ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ከአዳማ ነኝ። የአክስቴን እውነተኛ ታሪክ ፊልም ላደርገው እፈልጋለሁ። ስሟን እቀይራለሁ። ወረቀት ማስፈረም ግዴታ ነው ወይስ በቃል እሺ ካለችኝ ይበቃል?

መልስ፦ አስፈርሚያት የኔ እህት። ዛሬ እሺ ያለችሽ አክስትሽ ናት፤ ነገ ፊልሙ ሰው ሲያወራበት የአክስትሽ ባል፣ ልጆች፣ ጎረቤት ይመጣሉ።

«ድፍረት» የተባለውን ፊልም አስታውሺ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችና ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅ፣ ጠበቃዋም፣ ታሪካቸው እውነተኛ ነው። ፊልሙ በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾች ሽልማት አገኘ፣ በዚያው ዓመት በርሊንም ላይ ተመልካቹ መረጠው። ዓለም አጨብጭቦለት አዲስ አበባ ሊመረቅ መጣ። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2006 መጨረሻ ላይ ሰዉ አዳራሽ ገብቶ ተቀምጦ፣ ሊጀመር ሲል፣ ከታሪኩ ባለቤትነት ጋር በተያያዘ ክርክር የፍርድ ቤት እግድ መጣና ቆመ። በኋላ እግዱ ተነስቶ ታየ። ማን ልክ ነበር የሚለው ውስጥ አልገባም። ግን የዚያን ምሽት ነገር ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል፤ ለፊልም ሠሪዎቹም፣ ሕይወቷ ስክሪን ላይ ለሚወጣው ሴትም ያመኛል።

ስም መቀየር አያድንም፣ ሰፈሩ ካወቀ አወቀ ነው። ስክሪፕቱን ቁጭ ብለሽ አንብቢላት። የማትፈልገው ቦታ ካለ አሁን ትንገርሽ። ገንዘብ ከመጣ ምን እንደምታገኝ፣ ስሟ የት እንደሚጻፍ ተስማሙና በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክርም ይኑር። ለዘፈንም እንዲሁ ነው። ያለ ፈቃድ የሰው ዘፈን ካስገባሽ ፌስቲቫሎች የመብቱን ወረቀት ሲጠይቁሽ የምትሰጪው አይኖርሽም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ፣ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ኢትዮጵያዊ ፊልም በየትልቁ ፌስቲቫል ታየ ሲባል እሰማለሁ፣ እኛ ሰፈር ግን ሲመጣ አላየሁም። እዚህ የተወለዱ ልጆች አሉኝ፣ 12 እና 16። ምን ላሳያቸው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የጻፉት ያሳዝናል፣ እውነትም ነው። ፌስቲቫል ላይ የታየ ፊልም ሁሉ ሲኒማ ቤት አይደርስም። ገዝቶ የሚያከፋፍለው ድርጅት ካላገኘ እዚያው ይቀራል። ይህን ታሪክ ደግሞ ከእርስዎ ሰፈር የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን በ1993 በርሊን ላይ ለውድድር አቀረበ። አሜሪካ ሲመለስ የሚያከፋፍልለት አላገኘም። ምን አደረገ መሰልዎ? እሱና ባለቤቱ ራሳቸው ሲኒማ ቤት ተከራይተው ዋሽንግተን ላይ ማሳየት ጀመሩ። ሰዉ ለሰዉ እየነገረ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየማኅበሩ እየተወራ፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ አሳዩት። ከዚያ ሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት ከፈቱ። ከቤትዎ ሩቅ አይደለም፤ ልጆቹን ይዘው ይሂዱ። «ሳንኮፋ»ም ታድሶ በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቷል። ስለ ባርነት ስለሆነ የሚከብድ ትዕይንት አለው፣ ለትልቁ ልጅ ይሆናል፣ ለትንሹ ይቆይ።

ለ12 ዓመቱ «ላምብ»ን ይፈልጉለት። የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው፣ በ2015 ካን ላይ በዋናው ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ኤፍሬም የሚባል ልጅና ቹኒ የምትባል በጉ ናቸው ታሪኩ። እናቱ ሞታለች፣ አባቱ ዘመድ ጋ ጥሎት ሥራ ፍለጋ ሄዷል፣ አጎቱ ደግሞ በጊቱን ለበዓል ሊያርዳት አስቧል። ልጁ ግን ምግብ መሥራት ነው የሚወደው! ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ይሸጣል፣ አጎትየው ይሄ የሴት ሥራ ነው ብሎ ይቆጣዋል። ልጅዎ አማርኛው ባይገባው እንኳን ያን የሳምቡሳ ነገር ይገባዋል። እርስዎ ደግሞ ደጋውን ሲያዩ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ማስረዳት አይጀምሩ።

ለራስዎ፣ ማታ ብቻዎን ሲሆኑ፣ «ፋያ ዳዪ»ን ይዩ። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር አሥር ዓመት የለፋችበት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ስለ ጫትና ስለ ስደት ነው። በ2021 ሰንዳንስ ላይ ታይቷል። ቀስ ያለ ፊልም ነው፣ ስልክዎን ያርቁ።

ጥያቄ፦ እኔ ደሴ ያለሁ እናት ነኝ። ልጄ የሒሳብ ሥራውን ትቶ ፊልም ሠራ። አሁን ውጭ አገር ፌስቲቫል ተጠራሁ፣ አምስት ቀን ነው፣ ሄጄ እመጣለሁ ይላል። እውነት እንዲህ ያለ ጥሪ አለ? ወጪውንስ ማን ይችላል? ፊልሙን እኔ አላየሁትም።

መልስ፦ እትዬ፣ አለ፣ አያስቡ። ፌስቲቫሉ ለፊልሙ ዳይሬክተር የግብዣ ደብዳቤ ይጽፋል። ሆቴልና ትኬት የሚችሉ አሉ፣ ሆቴል ብቻ የሚሰጡም አሉ፣ ምንም የማይሰጡም አሉ። ስለዚህ ደብዳቤውን ያሳይዎ፣ ማን ምን እንደሚከፍል ተጽፎ መሆን አለበት። ቪዛ ሊከለከልም ይችላል። ከተከለከለ ልጁ ላይ አይፍረዱበት፣ ፊልሙ ያለ እሱም ይታያል፣ ሰላምታውን በቪዲዮ መላክ ይችላል።

«ፊልሙን አላየሁትም» ያሉት ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጅዎ ምናልባት ከምርቃቱ በፊት ለማንም ማሳየት አይቻልም ብሎ ፈርቶ ይሆናል። ቤት ውስጥ ለእናት ማሳየት ምርቃት አይባልም፣ እኔ እንዳልኩ ይንገሩት። ከመሄዱ በፊት አንድ እሁድ ቡና አፍልተው ያስቀምጡትና ላፕቶፑን ይክፈትልዎ።