«ፎርማት ላድርገው ወይ?»

ጥያቄ፦ ያረጀው ላፕቶፔ ሲበራ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ በዩኤስቢ ገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ዊንዶውስ «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ያድርጉት» አለኝ። የልጆቼ የሕፃንነት ፎቶ በሙሉ እዚያ ነው ያለው። ወንድሜ «ፎርማት አድርጊው፣ ከዚያ በሶፍትዌር ይመለሳል» ይለኛል። ልስማው?
እጄን የያዝኩ እናት

መልስ፦ እጅዎን እንደያዙ ይቆዩ። ወንድምዎ ለደግ ብሎ ነው፣ ግን አይስሙት። በአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ቢሆን ምክሩ ያን ያህል አይከፋም ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ከመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ግን ሙሉው ፎርማት ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ሶፍትዌር የሚያነሳው ነገር የለም። ፈጣኑ ፎርማት የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን በአሮጌው ማውጫ (የትኛው ፋይል የት እንዳለ በሚያሳየው ዝርዝር) ላይ አዲስ ባዶ ማውጫ ይጽፍበታል። ምን በወጣዎ?

መልእክቱ ራሱ ያስደነግጣል እንጂ «ዲስኩ ባዶ ነው» ማለት አይደለም። ዊንዶውስ የፋይሎቹን ማውጫ ማንበብ አቃተው፣ በቃ። ላፕቶፑ ማክ ወይም ሊኑክስ ከነበረማ ጤነኛውን ዲስክም «ፎርማት አድርጉት» ይላል፤ የእነሱን አቀማመጥ አያውቀውም። እንደዚያ ከሆነ ዲስኩን ማክ ወይም ሊኑክስ ላይ ይሰኩትና ይዩት። ካልሆነ ደግሞ ገመዱን ይቀይሩ። አንዳንዴ ጥፋቱ የገመዱ ነው።

አሁንም ካልተከፈተ ጆሮዎን ወደ ዲስኩ ጠጋ ያድርጉ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይደጋግማል? ወዲያውኑ ይንቀሉት። የዲስኩ ማንበቢያ ጭንቅላት («ሄድ» የሚሉት) ተበላሽቶ ይሆናል፤ በዞረ ቁጥር ፎቶዎቹ ያሉበትን ገጽ ሊፍቀው ይችላል። ይህ የቤት ሥራ አይደለም፤ ዲስክ ከአቧራ በጸዳ ክፍል ለሚከፍቱ ባለሙያዎች ይተዉት። ፍሪዘር ውስጥ ይክተቱት የሚል መካሪ አይጠፋም። ውጤቱ ዲስኩ ላይ እርጥበት መፍጠር ነው።

ድምፁ ለስላሳ ከሆነ ጥሩ ተስፋ አለ። መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ፣ ከእሱ ወደማያንስ ዲስክ ይገልብጡት። ለዚህ ዲዲሬስኪው የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም እወደዋለሁ፤ በቀላሉ የሚነበበውን ቀድሞ ያወጣል፣ አስቸጋሪውን ቦታ ተመልሶ ይሞክራል። የሚሠራው ሊኑክስ ላይ ነው፤ ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስም ይሆናል። ከየትኛው ወደየትኛው ዲስክ እንደሚገለብጡ ሁለት ጊዜ ይዩ! ከተገላበጠ የፎቶዎቹ ዲስክ ነው የሚጠፋው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን። ቴስትዲስክ የሚባለው ፕሮግራም ማውጫውን ለመጠገን ይሞክራል። ካልተሳካለት ወንድሙ ፎቶሬክ አለ፤ እሱ ማውጫውን ትቶ የፎቶ ፋይል አጀማመርን ዲስኩ ውስጥ እያነፈነፈ ያወጣል። ሁለቱም ነጻ ናቸው። የፎቶሬክ ችግሩ የፋይል ስም አይመልስም። «የመጀመሪያ ልደት» የሚለው ፎልደር በቁጥር የተሰየመ ክምር ሆኖ ይመጣል። ከድረ ገጽ የተጠራቀሙ ጥቃቅን ምስሎችም አብረው ይጎርፋሉ። በመጠን ይደርድሯቸው፣ የካሜራ ፎቶዎቹ ትላልቅ ስለሆኑ ከላይ ይሰበሰባሉ።

ጥያቄ፦ ኤስኤስዲ ካለው ላፕቶፔ አንድ ፎልደር አጥፍቼ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጌዋለሁ። ይመለስ ይሆን?

መልስ፦ ከራሱ ከኤስኤስዲው፣ ማለትም የሚዞር አካል ከሌለው ዲስክ? ብዙም ተስፋ አልሰጥዎትም። ፋይል ሲጠፋ ዊንዶውስ ትሪም የሚባል ትእዛዝ ይልካል፣ ኤስኤስዲውም ቦታውን በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ፎልደሩ ከዋንድራይቭ ወይም ከጉግል ድራይቭ ጋር የተያያዘ ከነበረ ግን በድረ ገጻቸው ገብተው ቆሻሻ መጣያውን ይዩ። የግል አካውንት ላይ ሁለቱም የተሰረዘን ፋይል 30 ቀን ያቆያሉ። ዛሬውኑ ይግቡ።