ሰንጋ፣ በግና ዶሮ ስናጓጉዝ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከያቤሎ ወደ ሞጆ ሰንጋ ላስጭን ነው። ደላላው አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና 20 ይይዛል ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ መያዙን ይይዛል። ቆመው መድረሳቸው ነው ጥያቄው። ወንድሜ፣ ከቁጥር አትነሳ፤ ካሶኒውን በሜትር ለካ። 300 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰንጋ ከ1 እስከ 1.2 ካሬ ሜትር ያስፈልገዋል። ውስጡ 6.5 በ2.3 ሜትር ከሆነ 15 ካሬ ያህል ነው፤ ስለዚህ ከ12 እስከ 15 ሰንጋ። 20 ከታጨቀ አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቶቹ ወዲያው ቦታውን ይሞሉታል፤ ከእግራቸው ሥር ይቀራል። ደግሞ 7 ወይም 8 ብቻ ጭነህ ካሶኒውን ክፍት አትተው፤ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር እየተላተሙ ይሄዳሉ። በአግዳሚ እንጨት ከፍለህ ሰብሰብ አድርጋቸው። የማይተዋወቁ ኮርማዎችን አትቀላቅል፤ መንገዱን ሙሉ ይዋጋሉ።

ጥያቄ፦ ወለሉ ላይ ጭድ አነጠፍን፤ ግን እየተንሸራተቱ አስቸገሩን።

መልስ፦ ላሜራ ላይ የተነጠፈ ጭድ ብቻውን፣ እበትና ሽንት ሲነካው ሳሙና ነው። 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ፍርግርግ አድርገህ ወለሉ ላይ አስበይድ። የፌሮው ጫፍ ወደ ላይ አይቅር፤ ሰኮና ይሰነጥቃል። በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ አልብስ። ጭድ ከፈለግህ ከአሸዋው በላይ። በጭነት ላይ ለሚወድቅ ከብት ከምንም በፊት ወለሉን ነው የምጠረጥረው፤ ሾፌሩን የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ሰንጋው አልወጣም ሲል ረዳቶቹ ጭራውን ይቆለምማሉ። ሌላ ዘዴ አለ?

መልስ፦ አለ። ጭራ መቆልመም አጥንቱን ይሰብረዋል፣ ከብቱንም የባሰ ያስደነግጠዋል። ልብ በሉ፦ ከትከሻው ኋላ፣ በጎኑ በኩል ስትጠጉት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከትከሻው ፊት ስትቆሙ ያፈገፍጋል። የተለመደው ግን አንዱ ፊቱ ቆሞ ገመድ ይስባል፣ ሌላው ከኋላ በሽመል ይመታል። ለከብቱ ይህ በአንዴ «ና» እና «ተመለስ» ማለት ነው። በቀጥታ ከጀርባው አትቁሙ፤ ስለማያያችሁ ይራገጣል። አንድ እርምጃ ሲራመድ እናንተም ወደ ኋላ በሉለት።

አሁንም እንቢ ካለ እሱ የሚያየውን እዩ። የሚወዛወዝ ሸራ፣ መሬት ላይ የወደቀ ጥላ፣ ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጨለማ ካሶኒ መግባት፣ በመወጣጫውና በመኪናው መካከል የቀረ ክፍተት ያስቆመዋል። ክፍተቱ እግርም ይሰብራል። የካሶኒው ወለል ከመሬት 1.1 ሜትር ከፍ ካለ መወጣጫው ከ3 ሜትር አይነስ፤ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እግር የሚይዝ እንጨት ምቱበት። መወጣጫ ከሌለ መኪናውን ከአፈር ጉብታ ጋር አስጠግታችሁ ጫኑ። ማስዘለል የለም፤ በተለይ ሲወርዱ።

ጥያቄ፦ ቀንዱን ከስፖንዳው ጋር ማሰር ይሻላል ወይስ መልቀቅ?

መልስ፦ ቦታው በልክ ከሆነ መልቀቅ። የግድ ካሰርክ በቀንድ ሳይሆን በራስጌ ማሰሪያ፣ በአንድ ስበት በሚፈታ ቋጠሮ። ገመዱን መቁረጥ ካስፈለገም ጋቢና ውስጥ ስለታም ቢላዋ ይኑር።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ቢተኛስ?

መልስ፦ መኪናውን ጥላ ያለበት ለጥ ያለ ቦታ አቁም። በጎኑ ከተዘረረ በፍጥነት በደረቱ አስተኛው፣ እግሮቹን ከሥሩ እጠፍለት። በጎኑ ሲቆይ የሆዱ ጋዝ መውጫ ያጣል፤ ግራ ጎኑ ተነፍቶ ሊሞት ይችላል። ሌሎቹን ከአጠገቡ አርቅ፤ 10 ወይም 15 ደቂቃ ስጠው። ብዙዎቹ ቦታና ትንፋሽ ሲያገኙ ራሳቸው ይነሳሉ። እግሩ ከተሰበረ አትጎትት፤ በቅርብ ያለ የእንስሳት ሐኪም ጥራ። ነገሩን ከመነሻው ለመቀነስ፣ በመጨረሻው የእርግዝና ወር ላይ ያለችን ላም፣ የሚያነክስንና የታመመን አትጫን።

ጥያቄ፦ ለበዓል የገዛሁትን በግ አራት እግሩን አስሬ ፖርቶመጋላ ላይ ብጭነውስ?

መልስ፦ ባታደርገው። መተኛቱ ሆዱን ይነፋዋል፣ ሲባጎው ደሙን ያግደዋል፣ ፀሐዩም ከላይ አለ። ከሌሎች ጋር ተጋርተህ በፒካፕ ቆሞ ይሂድ፤ ለአንድ በግ 0.3 እስከ 0.4 ካሬ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ዶሮን ዘቅዝቆ መያዝ ምን ችግር አለው? ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚይዘው።

መልስ፦ እህቴ፣ ዶሮ ደረትና ሆዷን የሚለይ ጡንቻ የላትም። ስትዘቀዝቂያት የሆድ ዕቃዋ የአየር ከረጢቶቿን ይጫናል፤ መተንፈስ ይከብዳታል። ክንፎቿን በሁለት እጅሽ ገጥመሽ ቀና አድርገሽ ያዢያት። ለመንገድ አየር የሚያስገባ ቅርጫት ወይም የተበሳ ካርቶን ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሰንጋዎቹ ሲደርሱ መጀመሪያ ምን እንስጣቸው? ፉርሽካ አዘጋጅተናል።

መልስ፦ ፉርሽካው ይቆይ። መጀመሪያ ጥላና ውሃ፣ ቀጥሎ ድርቆሽ። ተርቦ የደረሰ ከብት እህልና ፉርሽካ በብዛት ከበላ ሆዱ ውስጥ አሲድ ይበዛና ይታመማል። ለማደለብ ከሆነ ከሁለተኛው ቀን ጀምራችሁ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ከረጅም መንገድ ክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚጎድለው የሆዱ ጭነት ስለሆነ ብዙው ይመለሳል። ለእርድ ከሆነ ውሃ እየጠጣ አንድ ሌሊት ይረፍ። ደክሞ የታረደ ሰንጋ የጡንቻው ስኳር ስላለቀ ሥጋው እንደሚገባው አሲድ አያወጣም፤ ፒኤች መጠኑ (አሲድ ሲበዛ የሚወርደው መለኪያ) ወደ 5.5 መውረድ ሲገባው ከ6 በላይ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሥጋ ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ገዢውም ዋጋ ይቆርጥባችኋል።